የቁርጭምጭሚት ወለምታና የሯጭ ወደ ሩጫ አመላለስ



በይፋግ ከተማ ማለዳ የሚነሣ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ገና ጎሕ ሲቀድ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው ዋና መንገድ ዳር ወጣቶች ሁለትና ሦስት እየሆኑ ሲሮጡ ይታያሉ። ከእነርሱም የሚበዙት ተማሪዎች ናቸው። አንዳንዱ ለትምህርት ቤቶች ውድድር ይዘጋጃል፤ አንዳንዱ ደግሞ አንድ ቀን ክለብ ይቀበለኝ ይሆናል ብሎ ይደክማል። ይህ ተስፋ ከንቱ አይደለም። አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. መጨረሻ በሮም አደባባይ በባዶ እግሩ ማራቶንን ካሸነፈ ወዲህ፥ የርቀት ሩጫ ለብዙ የአገራችን ልጆች የእንጀራም የክብርም መንገድ ሆኗል።

ዳሩ ግን ይኸው ተስፋ በአንዲት የተሳሳተች እርምጃ ሊሰናከል ይችላል። የፎገራ ሜዳ ዋልካ መሬት በበጋ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፤ በክረምት ያዳልጣል፤ የመንገዱም ዳር ጠጠርና ጉድጓድ አይታጣበትም። ሯጩ እግሩን በስንጥቁ ጠርዝ ላይ ሲያሳርፍ ውስጠ እግሩ ወደ ውስጥ ይገለበጥና ቁርጭምጭሚቱ ወለም ይለዋል። ከዚያ በኋላ የሚደረገው ነገር ነው፥ ልጁ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ወደ ሩጫው መመለሱን ወይም ለዕድሜ ልክ ማነከሱን የሚወስነው።

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ወላጆቹ ደግፈው ወደ እኛ አመጡት። ሲሮጥ ወለም ካለው ሦስተኛ ቀኑ ነበር። እግሩ በቀርከሃ ስንጣሪና በጨርቅ ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል፤ ጣቶቹ አብጠው ጠቁረዋል፤ በመርፌ ጫፍ ስንነካቸው አልተሰማውም። ማሰሪያውን ፈጥነን ፈትተን ወደ ሆስፒታል ላክነው። እግሩ ተረፈ፤ ሁለት ጣቶቹ ግን ሳይድኑ ቀርተው ተቆረጡ። የሚያሳዝነው ነገር፥ በራጅ ሲታይ አጥንቱ ከቶ አልተሰበረም ነበር። ጣቶቹን ያሳጣው ወለምታው ሳይሆን ማሰሪያው ነው። ቁስሉ ከዳነ በኋላ ልጁ ተመልሶ የጠየቀን አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «ዶክተር፥ መቼ ነው የምሮጠው?» ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ለዚሁ ጥያቄ መልስ ይሆን ዘንድ ነው።

ወለምታ ምንድን ነው?

ቁርጭምጭሚት የቅልጥም አጥንቶች ከእግር አጥንት ጋር የሚገናኙበት መጋጠሚያ ነው። አጥንቶቹን አንዱን ከሌላው ጋር አስተሳስረው የሚይዙ ጠንካራ ጅማቶች አሉ። በውጭ በኩል ያሉት ሦስት ሲሆኑ፥ እግር ወደ ውስጥ ሲገለበጥ የሚለጠጡት እነርሱ ናቸው፤ ብዙውን ጊዜም አስቀድሞ የሚጎዳው ከሦስቱ የፊተኛው ነው። ሰው በሚሮጥበት ጊዜ እያንዳንዷ እርምጃ በእግሩ ላይ የምታሳርፈው ኃይል ከሰውነቱ ክብደት ከ2 እስከ 3 እጥፍ ስለሚደርስ፥ ጅማቱ ከአቅሙ በላይ ቢሳብ አያስደንቅም።

ወለምታ በሦስት ደረጃ ይከፈላል። በ1ኛው ደረጃ ጅማቱ ተለጥጧል እንጂ አልተቀደደም፤ በ2ኛው በከፊል ተቀድዷል፤ በ3ኛው ፈጽሞ ተበጥሷል። የ1ኛው ደረጃ ሕመምተኛ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ሳምንት፥ የ2ኛው ከ3 እስከ 6 ሳምንት፥ የ3ኛው እስከ 12 ሳምንት ወይም ከዚያም በላይ ጊዜ ያስፈልገዋል። ልብ ሊባል የሚገባው ግን፥ ሕመሙ ከጠፋ በኋላም ጅማቱ ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘው ከብዙ ወራት በኋላ መሆኑ ነው። «አላመመኝምና ድኛለሁ» የሚለው አስተሳሰብ ብዙ ሯጮችን ያሳሳተ ነው።

ስብራት ወይስ ወለምታ?

ከሁሉ አስቀድሞ አጥንቱ አለመሰበሩን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በ1984 ዓ.ም. በካናዳ አገር በኦታዋ ከተማ የሚሠሩ ሐኪሞች ለዚህ የሚያገለግል ቀላል ደንብ አውጥተዋል፤ ዛሬ በብዙ አገር ይሠራበታል። ቁርጭምጭሚቱን ያመመው ሰው ከሚከተሉት አንዱ ከታየበት ራጅ መነሣት አለበት፦

1ኛ፤ በውጭ ወይም በውስጥ በኩል ጎልቶ የሚታየው የቁርጭምጭሚት አጥንት፥ ከጫፉ ወደ ላይ እስከ 6 ሳንቲሜትር ባለው የኋላ ጠርዙ ወይም በጫፉ ላይ ሲጫኑት የሚያም ከሆነ፤

2ኛ፤ ከትንሿ ጣት ወደ ተረከዝ ሲኬድ በእግር ውጫዊ ጠርዝ መካከል የሚዳሰሰው ጉብታ፥ ወይም በውስጥ በኩል ከቁርጭምጭሚቱ ፊት ዝቅ ብሎ ያለው ጉብታ ሲጫኑት የሚያም ከሆነ፤

3ኛ፤ ወዲያው እንደ ተጎዳም ሆነ በሚመረመርበት ጊዜ፥ እያነከሰም ቢሆን 4 እርምጃ መራመድ ካልቻለ።

ከእነዚህ አንዱም ከሌለ ስብራት የመኖሩ ነገር እጅግ የራቀ ነው። እግሩ ከተጣመመ፥ አጥንት ቆዳውን በጥሶ ከወጣ፥ ወይም ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፥ ከጠቆሩና ከደነዘዙ ግን ሰዓት ሳያሳልፉ ወደ ደብረ ታቦር ወይም ወደ ሌላ ቅርብ ሆስፒታል መውሰድ ግዴታ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀኖች

ወለምታ እንደ ደረሰ ከጅማቱ ዙሪያ ደም ይፈስሳል፤ ቦታውም ያብጣል። እብጠቱ የመዳን ሥራ መጀመሩን ያመለክታል፤ ከመጠን እንዳያልፍ ግን መቆጣጠር ይገባል። ስለዚህ፦

እግሩን ማሳረፍ። ለመራመድ የሚያም ከሆነ በምርኩዝ መደገፍ ይበጃል። ይሁን እንጂ ሳምንታት ሙሉ አልጋ ላይ መዋል ጡንቻን ያሰልላል፤ መጋጠሚያውንም ያደርቃል። ሕመሙ በፈቀደ መጠን ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ቀስ ብሎ መርገጥ ይጠቅማል።

ከፍ ማድረግ። ሕመምተኛው በሚተኛበት ጊዜ እግሩ ከልቡ ከፍታ በላይ እንዲሆን ትራስ ወይም የታጠፈ ጋቢ ከሥሩ ማስገባት።

በተለጣጭ ፋሻ መጠቅለል። ከጣቶች ሥር ተጀምሮ ወደ ላይ ይጠቀለላል፤ ጣቶቹ ግን ምንጊዜም ተገልጠው መታየት አለባቸው። የጣቱን ጥፍር ጫን አድርገው ሲለቁት ነጭ የሆነው ቶሎ ወደ ቀይነቱ ካልተመለሰ፥ ወይም ጣቱ ከደነዘዘ፥ ፋሻው ጠብቋልና ወዲያው መፈታት አለበት። ሲተኙ ላላ ማድረግ ይገባል።

ማቀዝቀዝ። በተማርንበት በውጭ አገር የበረዶ ከረጢት ከየስፖርት ሜዳው አይጠፋም ነበር። በረዶ በማይገኝበት ቦታም፥ በእንስራ ውስጥ ባደረ ቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ለ15 ደቂቃ ያህል ቢደረግበት ሕመሙን ያስታግሣል። በረዶ የተገኘ እንደ ሆነ በጨርቅ ሳይጠቀለል ቆዳ ላይ አይደረግም።

በእነዚሁ ቀኖች ውስጥ የማይደረጉም አሉ። በሙቅ ውሃ መዘፍዘፍ፥ በቅቤ ማሸት፥ አረቄ መጠጣትና «ልሞክረው» ብሎ መሮጥ ደም መፍሰሱንና እብጠቱን ያባብሳሉ። ለሕመሙ ፓራሲታሞል መውሰድ ይቻላል። ሕመም ማስታገሻ ውጦ መሮጥ ግን የሚያስጠነቅቀውን ዘበኛ አስክሮ ቤቱን ለሌባ እንደ መተው ያለ ነው።

ስለ ወጌሻ

በአገራችን ወለም ያለው ሰው አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ወጌሻ ነው። ወጌሾች ከአባት የወረሱት ዕውቀት አላቸው፤ ሕዝቡም ያከብራቸዋል፤ እኛም ይህን አናቃልልም። ነገር ግን በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ከሚቆረጡ እግሮችና እጆች መካከል፥ በጠበቀ ማሰሪያ ምክንያት ደም ተቋርጦባቸው የበሰበሱ እንዳሉ ሐኪሞች ደጋግመው ጽፈዋል። ስለዚህ ሕዝቡም ወጌሾቹም ሦስት ነገር እንዲጠብቁ አጥብቀን እንለምናለን። አንደኛ፥ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀኖች እግሩ እንዳይታሽና እንዳይጎተት፤ ሁለተኛ፥ የቀርከሃም ሆነ የሌላ ነገር ማሰሪያ ጥብቅ ሆኖ እንዳይታሰር፥ ጣቶቹም በየሰዓቱ እንዲታዩ፤ ሦስተኛ፥ ከላይ የተጻፉት የስብራት ምልክቶች ሲታዩ ሕመምተኛው ወደ ጤና ጣቢያ እንዲላክ። ይህን የሚያደርግ ወጌሻ ለእኛ ባልደረባ ነው።

እግርን እንደገና ማስተማር

ብዙ ሰው የማያውቀው፥ ነገር ግን ከሁሉ የሚበልጠው ክፍል ይህ ነው። በጅማት ውስጥ የእግርን አቋቋም ለአንጎል የሚናገሩ ጥቃቅን ነርቮች አሉ። ጅማት ሲጎዳ እነርሱም ይጎዳሉ፤ ስለዚህ እግር ጉድጓድ ላይ ሲያርፍ ጡንቻዎቹ በጊዜው ተኮማትረው ሊያድኑት አይችሉም። አንድ ጊዜ ወለም ያለው ሰው ደጋግሞ ወለም የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። መድኃኒቱ በክኒን ሳይሆን በልምምድ ነው።

መጀመሪያ እንቅስቃሴ ነው። እብጠቱ ሲቀንስ፥ ሕመምተኛው ተቀምጦ በአውራ ጣቱ በአየር ላይ ፊደል ይጻፍ፤ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ ቢጽፍ መጋጠሚያው በየአቅጣጫው ይፍታታል።

ቀጥሎ ጥንካሬ ነው። ከመኪና ጎማ ከመነዳሪ የተቆረጠ ቁራጭ ላስቲክ በእግር ዙሪያ አጥልቆ፥ እግርን ወደ ውጭ፥ ወደ ውስጥ፥ ወደ ላይና ወደ ታች እየሳቡ መታገል። ከዚያ በኋላ ግድግዳ ተደግፎ በተረከዝ ተነሥቶ መውረድ፤ መጀመሪያ በሁለት እግር፥ በኋላም በተጎዳው እግር ብቻ።

በመጨረሻም ሚዛን ነው። በተጎዳው እግር ብቻ 30 ሰከንድ መቆም፤ ይህ ሲቀልል ዓይንን ጨፍኖ መቆም፤ እርሱም ሲቀልል በታጠፈ ጋቢ ላይ መቆም። ይህ ቀላል ልምምድ ወለምታ እንዳይደገም እንደሚረዳ በብዙ አገር በተደረገ ምርመራ ተረጋግጧል።

በዚህ ጊዜ ውስጥ ትንፋሹ እንዳይደክም የሚፈልግ ሯጭ፥ እግሩ ሳያመው ብስክሌት መንዳት ይችላል። በውጭ አገር ያሉ ሐኪሞች ዋናንም ይመክራሉ። ነገር ግን በጣና ዳርቻና በአካባቢው ረጋ ባሉ ውሃዎች ውስጥ የቢልሃርዝያ ትል ስላለ፥ እግርን ለማዳን ሲባል ሆድንና ጉበትን ለሌላ በሽታ መዳረግ አይገባም።

ወደ ሩጫ የመመለሻ ደረጃዎች

ለመመለስ የሚወስነው የቀን መቁጠሪያው ብቻ ሳይሆን እግሩ ራሱ ነው። ሯጩ የሚከተሉትን አራት ፈተናዎች ሳያልፍ መሮጥ የለበትም፦

1ኛ፤ 30 ደቂቃ ፈጠን ብሎ ሳያነክስና ሳያመው መራመድ፤
2ኛ፤ ከግድግዳ ፊት ቆሞ ተረከዙን ሳያነሣ ጉልበቱን ግድግዳው ማስነካት፥ ርቀቱም ከደኅናው እግር ጋር ሊተካከል ትንሽ ብቻ የቀረው መሆን፤
3ኛ፤ በተጎዳው እግር ብቻ በተረከዝ ተነሥቶ የመውረድን ልምምድ ደኅናው እግር የሚችለውን ያህል፥ 20 ጊዜ ገደማ መሥራት፤
4ኛ፤ በተጎዳው እግር ብቻ 10 ጊዜ ያለ ሕመምና ያለ ፍርሃት መዝለል።

እነዚህን ካለፈ በኋላ፥ ደልዳላ በሆነ መሬት ላይ፥ አንድ ቀን እየዘለለ በሳምንት ሦስት ጊዜ፥ በእያንዳንዱ ቀን 25 ደቂቃ እንደሚከተለው ይጀምር፦

በ1ኛው ሳምንት 1 ደቂቃ ሶምሶማ፥ 4 ደቂቃ እርምጃ፥ 5 ጊዜ፤
በ2ኛው ሳምንት 2 ደቂቃ ሶምሶማ፥ 3 ደቂቃ እርምጃ፥ 5 ጊዜ፤
በ3ኛው ሳምንት 3 ደቂቃ ሶምሶማ፥ 2 ደቂቃ እርምጃ፥ 5 ጊዜ፤
በ4ኛው ሳምንት 4 ደቂቃ ሶምሶማ፥ 1 ደቂቃ እርምጃ፥ 5 ጊዜ፤
በ5ኛው ሳምንት 25 ደቂቃ ሳያቋርጥ በዝግታ።

ጉዳቱ ቀላል የነበረ ሯጭ ከዚህ ፈጠን ሊል ይችላል፤ ከባድ የነበረበት ደግሞ አንዱን ሳምንት ሁለት ጊዜ መድገም ይችላል። የሚመራው ደንብ ይህ ነው፦ በሩጫ ጊዜ ጥቂት መጠዝጠዝ ቢሰማ፥ ሕመሙም በማግሥቱ ጧት ፈጽሞ ካልተገኘ ወደሚቀጥለው ይለፍ፤ በማግሥቱ ካበጠ ወይም ካነከሰ ግን አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ይመለስ። ወደ ኋላ መመለስ ሽንፈት አይደለም። አባቶቻችን «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነው።

25 ደቂቃ ሳያቋርጥ ከሮጠ በኋላ በቅድሚያ የሚጨመረው ርቀት ነው፤ ቀጥሎ ዳገትና ቁልቁለት፤ ከዚያ ፍጥነት፤ በመጨረሻ ወጣ ገባ መሬት። ሁለቱን በአንድ ሳምንት መጨመር አይገባም። የዋልካው ስንጥቅና የመንገዱ ዳር ጠጠር የመጨረሻው ትምህርት እንጂ የመጀመሪያው አይሁን። እስከ አንድ ዓመት ድረስም በልምምድና በውድድር ጊዜ ቁርጭምጭሚቱን በልዩ ማሰሪያ ወይም በሚጣበቅ ፋሻ መደገፍ ዳግመኛ ጉዳትን ይቀንሳል።

ስለ ጫማ የሚጠይቁን ብዙዎች ናቸው። አበበ ቢቂላ በሮም በባዶ እግሩ አሸንፏል፤ በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ደግሞ ጫማ አድርጎ አሸንፏል። ስለዚህ ዋናው ነገር እግር የለመደውን መጠበቅ ነው። በጫማ የሚሮጥ ከጉዳት በተመለሰበት ወር ባዶ እግሩን አይጀምር፤ በአንድ በኩል የተበላና የተጣመመ ጫማም እግርን ራሱ ይገለብጣልና ይጣል።

ውድድር የሚገባው ሯጩ የቀድሞውን ልምምድ ያለ ሕመም ቢያንስ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ከሠራ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ውድድር አጭር ይሁን፤ ለማሸነፍ ሳይሆን እግርን ለመፈተን ይገባበት።

ከታላላቆቹ የምንማረው

በጥቅምት 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ በተደረገው ማራቶን፥ የሁለት ኦሊምፒክ አሸናፊ የነበረው አበበ ቢቂላ ከተጎዳ እግር ጋር ሩጫውን ጀመረ፤ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ከሮጠ በኋላም አቋርጦ ወጣ። ወርቁን የአገሩ ልጅ ማሞ ወልዴ አገኘ። የአበበን ያህል ጽናት ያለው ሰው እንኳ የተጎዳን እግር በወኔ ብቻ ሊያስገብረው አልቻለም። በመውጣቱም ክብሩ አልጎደለም።

ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ደግሞ የተጎዳው ከቁርጭምጭሚት በስተኋላ ባለው የተረከዝ ጅማት ነው፤ ጉዳቱ ከወለምታ የተለየ ቢሆንም የአመላለሱ ትምህርት አንድ ነው። በመስከረም 1993 ዓ.ም. በሲድኒ በ10 ሺህ ሜትር ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ9 መቶኛ ሰከንድ ብቻ ቀድሞ አሸነፈ። ከዚያ በኋላ ጅማቱ ቀዶ ጥገና ተደረገለትና ለብዙ ወራት ከውድድር ራቀ። በነሐሴ 1993 ዓ.ም. በኤድመንተን የዓለም ሻምፒዮና ሲመለስ ወርቁን አላገኘም፤ ሦስተኛ ወጣ። ብዙ ሰው «አበቃለት» ብሎ ነበር። ነገር ግን በመስከረም 1994 ዓ.ም. በብሪስቶል የዓለም ግማሽ ማራቶንን አሸነፈ፤ በመስከረም 2001 ዓ.ም. በበርሊን ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ሮጦ፥ ከ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ በታች የገባ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ከጉዳት በኋላ የመጀመሪያው ውድድር የመጨረሻው ፍርድ አለመሆኑን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምስክር አናገኝም።

ለመምህራን የቀረበ ልመና

የስፖርት መምህራን፥ የወጣቱ ዕድል በእጃችሁ ነው። የተማሪውን «ድኛለሁ» ማለት ብቻ ሰምታችሁ ለውድድር አታሰልፉት፤ አራቱን ፈተናዎች በፊታችሁ ይሥራ። ለትምህርት ቤት ዋንጫ ሲባል የአንድ ልጅ እግር አይከፈልም። በየማለዳው ሰልፍ ላይ ተማሪው ሁሉ በአንድ እግሩ ተራ በተራ 30 ሰከንድ እንዲቆም ብታደርጉ፥ ምንም ገንዘብ ሳይወጣ ብዙ ወለምታ ይከለከላል። የመሮጫውንም ሜዳ ጉድጓድ ተማሪዎቹ ራሳቸው ቢደለድሉት ከብዙ ፋሻ ይበልጣል።

ከላይ ያነሣነው ተማሪ ሁለት ጣቶቹን ስላጣ የሚዛኑ ልምምድ ከሌላው ሰው ይልቅ ረጅም ጊዜ ወሰደበት። ከ2ኛው ሳምንት ወደ 1ኛው ሁለት ጊዜ ተመልሷል። ዛሬ 25 ደቂቃ ሳያቋርጥ ይሮጣል፤ ውድድር ገና አልገባም፤ እኛም ግባ አላልነውም። ባለፈው ጊዜ ሲመጣ ግን «መቼ ነው የምሮጠው» ብሎ አልጠየቀም፤ ታናሽ ወንድሙ ወለም ብሎት ነበርና የእርሱን እግር በተለጣጭ ፋሻ፥ ጣቶቹን ገልጦ፥ ራሱ ጠቅልሎ አምጥቶ «በትክክል ነው?» ብሎ ጠየቀን። በትክክል ነበር።

እንግዲህ ይህን ጽሑፍ ያነበበ ሁሉ ላላነበበው ጎረቤቱ ይንገር። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንደሚባለው፥ በትዕግሥት የተመለሰ እግር ሩቅ ያደርሳል።